ጢስ ዓባይ በየትኛው ወር፣ ዓባይ በረሃ በየትኛው ሰዓት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደዚህ ዓምድ የሚላከው ጥያቄ ሁሉ «መቼ ልሂድ?» ይሆናል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በረሃው እስኪደርስ አንድ ወንዝ ነው፤ ለጎብኚ የሚመቸው ጊዜ ግን በየቦታው ይለያያል። ለሐይቁ፣ ለፏፏቴውና ለሸለቆው ለየብቻ የምንመልሰው ለዚህ ነው።

«በፋሲካ ሰሞን ልጆቹን ይዘን ባሕር ዳር መጣንና ጢስ ዓባይን ልናሳያቸው ሄድን። ያገኘነው በገደሉ አንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። ልጆቹ «ይሄ ነው እንዴ?» አሉን። ፏፏቴው ደርቆ ነው ወይስ ጊዜው አልነበረም? በነሐሴ ብንመጣስ?» — ወላጅ፣ ከአዳማ

ጊዜው አልነበረም። የጢስ ዓባይን ውኃ ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ በሚያዝያ ሁለቱም አይመቹም።

አንደኛው ሐይቁ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሽ የሚበልጠው የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየተራራው የሰበሰቡትን ይዘው ጣና ይገባሉ። ጣና ሰፊ ስለሆነ የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው። ሐይቁ ጢም የሚለው ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን አይደለም፤ ዝናቡ አባርቶ ወንዞቹ ገና ሲያመጡ፣ ማለትም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጥ ይቀንስና በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የመጨረሻ ዝቅታው ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫው ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃውን የሚቆጣጠር በር አለ። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ይህ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ የሚወስደውን ውኃ የሚለቀው ወደ በለስ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ያ ውኃ በጢስ ዓባይ አያልፍም። ፏፏቴው አጠገብ ያሉት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም ሲሠሩ ውኃውን ገደሉ ጫፍ ሳይደርስ ይጠልፉታል። በበጋ ገደሉ ላይ የሚታየው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ውኃው ሲሞላ ግን ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገደል እስከ 400 ሜትር ስፋት ይለብሳል፤ ጉሙም ከሩቅ ይታያል።

በነሐሴ ውኃው አያሳፍርም፤ የሚያስቸግሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ ጭቃውን ሐይቁ ውስጥ ስለሚተው ብዙም አይደፈርስም። ነገር ግን ከሐይቁ በታች የሚቀላቀለው አንዳሳና ሌሎች ወንዞች ከእርሻ ላይ የጠረጉትን አፈር ይዘው ስለሚመጡ በሐምሌና በነሐሴ ፏፏቴው እንደ ድፍርስ ጠላ ይሆናል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ የእግር መንገዱ ጭቃ ጫማ ይነቅላል፣ ትንንሽ ልጆችም ያዳልጣቸዋል። ሦስተኛ፣ ከፏፏቴው በላይ ሰው የሚያሻግሩት ጀልባዎች ወንዙ ሲያይል ይቆማሉ፤ ያኔ መመለሻው የመጡበት መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመስከረም 15 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ኑ። ሐይቁ ሞልቷል፣ ከእርሻ የሚመጣው ጎርፍ ቀንሷል፣ ዳገቱ ገና አረንጓዴ ነው። ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር አልገጥም ካላችሁ ነሐሴን ተዉትና እስከ ጳጉሜን ግፉት። ኅዳርም መጥፎ አይደለም፤ ከታኅሣሥ በኋላ ግን ለፏፏቴው ብላችሁ ብቻ ይህን ያህል አገር አታቋርጡ። በየትኛውም ወር ቢሆን በዋዜማው ጢስ ዓባይ ከተማ ወዳለ አስጎብኚ ደውላችሁ ውኃው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። የማመንጫዎቹ ሥራ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ልዩነት ይኖራል።

በዕለቱ ከባሕር ዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወርዳችሁ በመጀመሪያ የምታገኙት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል። ቀስተ ደመና ማየት የምትፈልጉ ፀሐይን ከጀርባችሁ፣ ጉሙን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚከብድ በመስከረም ይህን ዕድል የምታገኙት በጠዋት ነው። ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፤ ጉሙ ሳይታወቅ ያረጥባል። ጉሙ የሚደርስበት ድንጋይ ሁሉ ስለሚያዳልጥ ልጆቹን ከዳር በደንብ አርቃችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ አቁሟቸው።

«ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በየካቲት የሴሚስተር ዕረፍት ከደጀን በእግር ዓባይ በረሃ ወርደን፣ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ አድረን በማግሥቱ ልንወጣ አስበናል። የስልካችን የአየር ትንበያ ደጀንን 24 ዲግሪ ይላል፤ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል?» — ከባሕር ዳር

ልጆች፣ ከብርድ ልብሱ በፊት ስለ ውኃ እናውራ። ስልካችሁ የነገራችሁ የደጀንን ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ወንዙ ደግሞ ከ1,100 ሜትር በታች። አየር በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ስለዚህ ላይ 24 ሲል ታች ከ32 በላይ ነው፤ ያውም በጥላ ሥር። ጥላ በሌለበት፣ ድንጋዩ የዋጠውን ሙቀት መልሶ በሚተፋበት ቦታ ሰውነት የሚሰማው ከዚያም ይበልጣል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ታችኛው ሙቀት ወደ 40 ይጠጋል።

የበረሃው ክፋት ቅደም ተከተሉ ነው። ተራራ ስትወጡ ድካሙ በጠዋት፣ ብርዱ ላይ ይመጣል፤ ሲደክማችሁ ትመለሳላችሁ። እዚህ ግን ቀላሉ ቁልቁለት በጠዋት ያልቅና ዳገቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ውኃችሁ ሲያልቅ ይጠብቃችኋል። መውጣት ከመውረድ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ አስሉ። በሁለት ሰዓት የወረዳችሁትን በአራት ሰዓት ትወጡታላችሁ፤ ሙቀት ካለ ከዚያም በላይ።

እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። ወሩን ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ አምጡት፤ ዕረፍታችሁ የካቲት ብቻ ከሆነ ግን ጉዞውን አሳጥሩት። ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከጠቅላላው ቁልቁለት አንድ ሦስተኛውን ብቻ ውረዱና ምንም ያህል ጉልበት ቢሰማችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፊታችሁን አዙሩ። ታች ዓባይ ላይ እስካለው ድልድይ መውረድ የግድ ካላችሁ በእግር ውረዱ፣ በመኪና ውጡ፤ ከድልድዩ እንዲያነሳችሁ ሚኒባስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መካከለኛው መንገድ ላይ ያገኘነው መኪና ይጭነናል ብላችሁ አትመኩ፤ በዚያ ዳገት የጫነ መኪና ቆሞ ሰው መጫን አይወድም።

ለእያንዳንዱ ሰው 5 ሊትር ውኃ ያዙ። በሙቀት ዳገት ስትወጡ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ላብ ይወጣል። ውኃ ብቻ መጠጣትም በቂ አይደለም፤ በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ የእግር ጡንቻ ይኮማተራል። ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ ገዝታችሁ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር በጥብጡ፤ ቆሎና ጨው ያለው ዳቦም ያዙ። ጓደኛችሁ በላብ ተጠምቆ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ከዛለ ጥላ ፈልጋችሁ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በዝግታ አጠጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሕይወት ያሰጋል። ልብሱን አውልቃችሁ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ሳታቋርጡ ሐኪም ወዳለበት ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

አሸዋው ላይ ማደሩን ተዉት። ምክንያቱ ሦስት ነው፦ አዞ፣ ወባና ደራሽ ጎርፍ። አዞው ዓባይ ውስጥ ከበረሃው ጀምሮ አለ፤ ፊት ለመታጠብ እንኳ ወደ ወንዙ ጫፍ አትቅረቡ። የወባ ትንኝ በሸለቆው ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች፤ በጣም የምትበዛው ግን ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ኅዳርን የምትመርጡ አጎበርና ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ሳትይዙ አትውረዱ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ «በረሃ ወርጄ ነበር» ብላችሁ ተመርመሩ።

ደራሹ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያታልላል፤ የሚመጣው ከጠራ ሰማይ ሥር ነውና። ወደ ዓባይ የሚገቡት ደረቅ ጅረቶች ውኃቸውን የሚያገኙት ከላይ ከደጋው ነው። ደጋው ላይ ለአንድ ሰዓት የወረደ ዝናብ ድንጋያማውን ገደል ተንሸራቶ፣ እንጨትና ድንጋይ እየነዳ ታች ይደርሳል። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ፣ እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ በድንገት በሚጥለው ዝናብ ጊዜ ይህ ይፈጠራል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሳላችሁ ውኃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና አረፋ ሲያንሳፍፍ ካያችሁ ወይም እንደ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ታች አትሩጡ፤ አትቀድሙትም። በቅርብ ባገኛችሁት ጎን ወደ ላይ ውጡ። ዕቃችሁን ለማንሳት አትመለሱ።

ድልድዩ ጥበቃ አለው፤ ጠባቂዎቹን ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ። ብርድ ልብሱም ያስፈልጋችኋል፤ ለደጀን አዳር።

«በነሐሴ መጨረሻ በአነስተኛ መኪና ከአዲስ አበባ በጎሐ ጽዮንና በደጀን አድርጌ ባሕር ዳር ልመጣ ነው። በረሃውን ስቆርጥ ምን ልጠንቀቅ?» — አሽከርካሪ

ከመኪናው በፊት የመንገዱን ጸጥታ ያጣሩ። ካለፉት ዓመታት ሁኔታ የተነሳ መስመሩ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ደውለው አውቶቡሶቹ መውጣታቸውን ይጠይቁ፤ የአውቶቡስ ሹፌሮች ካልወጡ እርስዎም አይውጡ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸለቆው አቀማመጥ ለናዳ ይመቻል፤ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ጭቃማ ድንጋይ፣ ወንዙ ጋ የአሸዋ ድንጋይ። ከላይ የገባው ውኃ ጭቃማው ንብርብር ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣና ያንን ንብርብር ያለሰልሰዋል፤ ከላዩ ያለው ክብደትም ይንሸራተታል። አስፋልቱ በየቦታው ተወዛውዞ፣ ተሰንጥቆ የሚያዩት በዚህ የተነሳ ነው። መሬቱ የዋጠው ውኃ ቶሎ ስለማይወጣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም፣ በመስከረም ውስጥ ናዳ ይወርዳል። ድንጋይ የተበተነበት ቦታ ላይ ቆሞ መመልከት አይገባም፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ከወረደበት ሁለተኛውም ይወርዳል።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይውረዱ። በሁለተኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ በዝቅተኛው ማርሽ ይያዙት፤ ፍሬኑን ደግሞ ጫን አድርገው ይልቀቁት እንጂ ያለማቋረጥ አይርገጡት። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ወይም ፔዳሉ ከላላብዎት ሰፊ ቦታ ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙት፤ ጎማው ላይ ውኃ አያፍስሱ፣ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል። ዳገቱን ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን ያጥፉ። ራዲያተር ፈላ ብለው ክዳኑን ወዲያው ከከፈቱ ፊትዎን ያቃጥላል። በነሐሴ ጠዋት ጭጋጉ ከባድ ነው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ በረሃውን ቢያቋርጡ ጭጋጉም ተነስቶ፣ የከሰዓቱ ዝናብም ሳይጀምር ያልፋሉ። መንገድ ላይ የሚፈስ ጎርፍ ካገኙ ይጠብቁ፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ አነስተኛ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ታች የሚያልፉበት የህዳሴ ድልድይ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው ነው።

«ልጄ አሜሪካ ፊኒክስ ነው የሚኖረው። ግራንድ ካንየን የሚሉትን ገደል ላሳይሽ፣ በሐምሌ ነይ ይለኛል። ዕድሜዬ 63 ነው። ሐምሌ ለኛ ብርድ ነው፤ እዚያስ?» — እናት፣ ከባሕር ዳር

እናታችን፣ ሐምሌ እዚያ ትልቁ የሙቀት ወቅት ነው። ፊኒክስ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የዘወትር ነገር ነው። ገደሉም እንደኛው በረሃ በከፍታ ይለያያል። የደቡቡ ዳር 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ለባሕር ዳር ሰው ይስማማል፤ ታች ወንዙ ጋ ግን ወደ 750 ሜትር ስለሚወርድ በክረምታችን ወራት ከ40 በላይ ነው። የፓርኩ ጠባቂዎችም በዚያ ወቅት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓቱ 10 ሰዓት ገደል ውስጥ በእግር እንዳይኬድ ይመክራሉ።

የሚገርመው የዝናባቸው ጊዜ ከኛ ጋር መግጠሙ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ይጥላል፤ በጠባቦቹ ገደሎች ውስጥ ደራሽ የሚመጣውም ያኔ ነው። በነሐሴ 1989 ዓ.ም. አንቴሎፕ ካንየን በሚባለው ጠባብ ገደል 11 ጎብኚዎችን ደራሽ ወስዷል፤ ዝናቡ የጣለው እነሱ ካሉበት ርቆ፣ ወደ ላይ ነበር። ልጅዎ ወደዚያ ሊወስድዎት ካሰበ ከላይ ዝናብ አለመኖሩን አስጎብኚዎቹ ሳያረጋግጡ አይግቡ።

ወቅቱን ልጅዎ ይለውጥልዎት። የሚሻለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት 20 ነው። ለኛ ሚያዝያ ከባዱ ሙቀት ስለሆነ እዚያም እንደዚያ ይመስልዎት ይሆናል፤ እዚያ ግን ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ጋቢ ይያዙ። በታኅሣሥና በጥር በረዶ አለ፤ መንገዱ ስለሚያንሸራትት ለጉልበት አይመችም። የሰሜኑ ዳር በክረምታቸው መንገዱ ይዘጋል፣ እዚያ የነበረው ሎጅም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በቃጠሎ ወድሟል፤ ደቡቡ ይበቃዎታል። ከፊኒክስ የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ዳሩ ላይ ደረጃ የሌለው ደልዳላ መንገድና በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ ስላለ፣ ታች ሳይወርዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ቀለም ሲለዋውጥ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ።

«ለጥምቀት ባሕር ዳር ነኝ። ዘጌና ደቅ ደሴት በጀልባ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ሐይቁ ይናወጣል ይላሉ። እውነት ነው?» — ከሐዋሳ

በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ግን ደስ ይላል። ሐይቁን የሚያናውጠው ወሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ይልቅ ቶሎ ስለሚግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ባሕር ዳር ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን በደንብ ያንገላታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተነሱ ዘጌ ደርሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው፣ በቡና ጥላ ሥር ተመላልሰው እስከ 6 ሰዓት ይመለሳሉ። ደቅ ግን ሩቅ ነው። በትንሽ ጀልባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞክሩት፤ ትልቅ ጀልባ ይያዙ ወይም ለማደር ይዘጋጁ። ሴት ከሆኑ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ስለማያስገቡ ለባለጀልባው አስቀድመው ይንገሩ፤ ናርጋ ሥላሴ ይገባሉ።

ለጥምቀት ሰሞን ጀልባም አልጋም ከጥር 9 ጀምሮ ስለሚጠፋ ከሁለት ሳምንት በፊት ይያዙ። ሐይቁ ዳር ላይ ቢልሃርዝያ ስላለ አይዋኙ፣ እግርዎንም አይንከሩ። ከመሳፈርዎ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ቆጥረው፣ ማሰሪያው እንደሚሠራ አጥብቀው ይዩ፤ ጎድሎ ካገኙት ዋጋ አይከራከሩ፣ ሌላ ጀልባ ይያዙ።